ወንድሜን የመረጠው አንድ ሰው

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ጥበቡ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለሰ በራፋችን ላይ ያለው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥም ነበር። እኔ አጠገቡ የበጎቹን በረት እጠግን ነበር። ብርድ ነበር፤ ግን መንዝ ውስጥ ብርድ ነበር ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ጎረቤታችን አያ ደምሴ አንድ በግ እየጎተቱ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ጥበቡ፣ ልጄ ዘንድሮ ያልፋል አይደል?»

«ካጠና ያልፋል፣ አያ።»

«አይ፣ እንዲያው... ያኔ በምርጫው ድምፄን የሰጠሁህ እኔ መሆኔን እንዳትረሳ ብዬ ነው።»

ወንድሜ ቆሎውን አስቀመጠ። ከጉቶው ተነሳ። የሱፍ ቆቡን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና «አመሰግናለሁ፣ አያ ደምሴ» አለ። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ተቀመጠ። «ልጅዎ ግን ካላጠና ይወድቃል» ሲል ጨመረ።

አያ ደምሴ በዚያ ምርጫ ጊዜ የምርጫ ካርድ አላወጡም ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ ወንድሜም ያውቅ ነበር፤ አያ ደምሴም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ቢሆንም ሦስታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ተራ ቀን ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመን ነበር። እራት በላን። ጥበቡ የተማሪዎች ፈተና ማረም ጀምሮ «ደረቴን ከበደኝ» ብሎ ቀደም ብሎ ተኛ። እናቴ የበግ ጠጉር ባና ደረበችለት። ዓርብ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ሄደች። አልነቃም።

ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልችልም። ስለ ጥበቡ ልጻፍ።

ወንድሜ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እኔ «ጋሼ» እለው ነበር። የአገሩ ሰው ግን «አሜሪካ» ይለው ነበር፤ እሱ ግን ከደብረ ብርሃን አልፎ የሄደው አንዴ ብቻ፣ አዲስ አበባ፣ ያውም ጥርሱን ሊነቀል ነው።

ስሙ የወጣለት በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ለትምህርት ቤቱ ከውጭ አገር በእርዳታ አንድ ካርቶን መጽሐፍ መጥቶ ነበር። ስለ መርከብ ጥገና፣ ስለ ውሻ አመጋገብ፣ ስለ መዋኛ ገንዳ አሠራር። ከነዚህ መካከል አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ተገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በአንዲት የአሜሪካ ግዛት ስለተደረገ የምክር ቤት ምርጫ የሚናገር ነው። ስለ ፕሬዚዳንት አይደለም። ስለ አንዲት ግዛት ምክር ቤት፣ ያውም በአብዛኛው ስለ አንዲት ወረዳዋ ብቻ። ሌላ መምህር ቢሆን ወደ ካርቶኑ ይመልሰው ነበር። ጥበቡ ግን መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ ክረምቱን ሙሉ አነበበው። ሲጨርስ እንደገና ጀመረው።

መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ። አንዱ ባለ ወፍጮ ነው፣ አንዱ ጠበቃ። ስማቸው ለአፋችን ስለሚከብድ «ባለ ወፍጮው» እና «ጠበቃው» እንላቸው ነበር። ጥበቡ ያነበበውን ማታ ማታ ለእናቴ ይነግራታል፤ እናቴ ለጎረቤት ትነግራለች። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ከሰላምታ ቀጥሎ «ባለ ወፍጮው እንዴት ሆነ?» ይለው ጀመር። እናቴ የባለ ወፍጮው ወገን ነበረች። በመጨረሻ መሸነፉን ሲነግራት «አይ ሰው! እህሉን ሲፈጭለት ኖሮ!» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ጥበቡ ግን ማን እንዳሸነፈ ግድ አልነበረውም። የወደደው አደራረጋቸውን ነው። በዚያ ዘመን በዚያች ግዛት ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር አይደለም። መራጩ ጠረጴዛ ፊት ይቆምና የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ተመራጩ እዚያው ተቀምጧል። ስሙ ሲጠራ ከወንበሩ ይነሳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ እጅ ነስቶ ያመሰግናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ከመንደር መንደር አብረው ይዞራሉ፤ በአንድ ቤት ያድራሉ፤ በየደረሱበት የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ወጥተው ይከራከራሉ። በምርጫው ቀን ባለ ወፍጮው የጠበቃውን ስም ጠራ። ጠበቃውም የባለ ወፍጮውን።

«ተመልከት» አለኝ ገጹን በጣቱ እየመታ። «ራሱን አልመረጠም። ነውር ነዋ!»

«እንደኛ አገር» አልኩት።

«እንደኛ አገር!» አለና ተነስቶ ቤቱን ዞረ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የክፍል አለቃ ምርጫውን በዚህ ዓይነት አስደረገ። ተማሪው አንድ በአንድ እየተነሳ ስም ጠራ። ሁሉም የጠሩት በክፍሉ ትልቁንና ተደባዳቢውን ልጅ ነበር፤ ልጁ ዞር ብሎ እያንዳንዱን ያያቸው ነበርና። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ይህ ምን የሚሉት ምርጫ ነው?» ሲለው ጥበቡ «አሜሪካም እንዲሁ ነበር» አለ፣ በኩራት።

ከዚያ የክልል ምክር ቤት ምርጫ ደረሰ። ጥበቡ በግሉ እወዳደራለሁ አለ። እናቴ ደነገጠች።

«ሹመት አማረህ ልጄ?»

«የለም እማዬ። ክርክር ነው ያማረኝ።»

ለመመዝገብ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። አገሩ ሁሉ ፈረመለት። ቤት ድረስ መጥቶ «ፈርሙልኝ» ያለን የልጁን መምህር ማን እምቢ ይላል? የፈረመው ሰው ብዛት እኔንም አሳሳተኝ። ሊያሸንፍ ነው ብዬ ነበር።

ተፎካካሪው አቶ ወልደየስ ነበሩ፣ የገዢው ድርጅት ዕጩ። የኛው ቀበሌ ሰው ናቸው፤ በቅሎ አላቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጥበቡ እኔን አስከትሎ ቤታቸው ሄደ።

«ጋሼ ወልደየስ፣ አብረን እንዙር።»

«የት?»

«ቅስቀሳ። እርስዎም እኔም። በአንድ በቅሎ።»

«አንተ እኮ ተቃዋሚዬ ነህ።»

«ለዚያ ነዋ! ብቻዬን ብዞር ማንን እቃወማለሁ?»

አቶ ወልደየስ ትንሽ አሰቡ። «በቅሎዋ የማን ናት?»

«የእርስዎ።»

«እሱንማ ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

ደግ ሰው ናቸው። የድርጅታቸውን ቢሮ ጠየቁ። «ስለ በቅሎ በመመሪያው ላይ የተጻፈ ነገር የለም» ተባሉ። ያልተከለከለ ነው ብለው እሺ አሉት።

ችግሩ ጉቶ ነበር። መንዝ ውስጥ ገበያ መሐል የበቀለ ዛፍ የት ይገኛል? ጥበቡ ከጓሯችን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ከነሥሩ አስቆፈረና አስተካክሎ ጠረበው። በቅሎዋ ላይ ተጫነ። ስለዚህ ጉቶው በበቅሎ፣ ሁለቱ ዕጩዎች በእግር፣ እኔ በቅሎዋን እየሳብኩ፣ ወደ ቀየት ገበያ ወረድን። መንገዱን በሙሉ ጥበቡ ስለ ባለ ወፍጮውና ስለ ጠበቃው ያወራል። አቶ ወልደየስ እያነከሱ «እንዴ!» «አይ ሰዎች!» ይላሉ።

ገበያው ዳር ጉቶውን እንዳወረድን አንዲት ሴት ቀረበች።

«በስንት ነው?»

«አይሸጥም እትዬ። እላዩ ላይ ቆሜ ልናገር ነው።»

«ተናግረህ ስትጨርስስ?»

ከክርክሩ በፊት አቶ ወልደየስን የሚያውቅ ሰው ቤቱ አስገባን። ስህተቱ የተፈጠረው እዚያ ነው። ባለ ቤቱ አንድ መሶብ ዙሪያ አስቀመጠን። ሁለቱን ዕጩዎች «በሉ ተጎራረሱ፣ ነገ ሹም ትሆናላችሁ» እያለ አጎራረሳቸው። ጥበቡ በዚያ መጽሐፍ ሁሉን ነገር አንብቧል፤ አሜሪካኖቹ ግን ስለማይጎራረሱ ስለዚህ የተጻፈ አልነበረም።

ወጣን። ሕዝብ ተሰብስቧል። በዕድሜ ትልቅ ስለሆኑ መጀመሪያ አቶ ወልደየስ ጉቶው ላይ ወጡ። ስለ መንገድ ተናገሩ፣ ስለ ውኃ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ጥበቡ አዩና ድምፃቸው ለዘብ አለ።

«እንግዲህ እኔ ደክሞኛል። ይህ ልጅ ግን የተማረ ነው። ከአባቱ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ የጨዋ ልጅ ነው» ብለው ወረዱ።

ጥበቡ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ እቤት ለበጎቹ ሲናገረው ሰምቻለሁ። አፉን ከፈተ። አቶ ወልደየስ ከታች በፍቅር ያዩታል።

«ጋሼ ወልደየስ ያሉትን ሰምታችኋል» አለ። «የምጨምረው የለኝም። እሳቸው እያሉ እኔን ምረጡኝ ማለት ድፍረት ነው።»

አንድ በግ ነጋዴ ከኋላ «ታዲያ ለምን ተወዳደርክ?» አለው።

«ክርክር እንዲኖር።»

«ክርክሩ የታለ?»

ያን ጊዜ አቶ ወልደየስ ከታች ሆነው «ያፍራል እንጂ ይችላል! ከኔ ይሻላል!» ብለው ጮኹ።

«የለም፣ እሳቸው ይሻላሉ!»

«አንተ ትሻላለህ አልኩህ!»

«ጋሼ፣ እንዲህማ አይሆንም!»

ሁለቱም ተቆጡ። ጥበቡ በጣቱ ይጠቁማቸዋል፤ እሳቸው በዱላቸው ጉቶውን ይመታሉ። በዚያ ምርጫ በኛ በኩል የተካሄደው ክርክር ይህ ብቻ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ነጋዴው ግን «እንግዲህ ማንን ምረጡ ነው የምትሉን?» እያለ ሄደ።

በምርጫው ቀን ጥበቡ ቆቡን አድርጎ በጠዋት ሄደ። ድምፅ የሚሰጠው እሱ በሚያስተምርበት ክፍል ነበር። ጮክ ብሎ ሊናገር ሲል ታዛቢዎቹ «መምህር፣ በምስጢር ነው» ብለው ከመጋረጃው ኋላ ከተቱት። የሰጠው ለአቶ ወልደየስ ነው። እኔ ለመምረጥ ዕድሜዬ አልደረሰም ነበር። እናቴ ካርድ አልነበራትም።

ውጤቱ በማግስቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። አቶ ወልደየስ አሸንፈዋል። ከጥበቡ ስም ፊት ለፊት «አንድ» ይላል። በሌሎቹ የምርጫ ጣቢያዎች ምንም አልነበረውም። በጠቅላላው አንድ።

ይስቅበታል ወይም ያዝናል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወረቀቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ።

«እኔ አይደለሁም» አለ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ሰው እዚያ መጋረጃ ኋላ ገብቶ የኔን ስም መረጠ። እኔም ተነስቼ አላመሰገንኩትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልፈለገም። ያን ሰው ማመስገን ብቻ። ወሬው ተዳረሰና ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ፤ «እኔ ነኝ» አለው። ጥበቡ ተነስቶ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ቄስ መጡ። «እኔ ነኝ፤ ለማንም አትንገር» አሉት። ተነስቶ እጅ ነሳቸው። በማግስቱ ሦስት ሰዎች መጡ። ክፋት አይደለም። ፈርመው ሳይመርጡት ስለቀሩ ፊቱን ማየት አፍረው ነው። እንዲህ ካላሉት በመንገዱ ማለፍ አልቻሉም።

ከራቤል የመጣ በግ ነጋዴ እንኳ፣ ቀየት ላይ «ክርክሩ የታለ?» ያለው ራሱ፣ የመረጥኩህ እኔ ነኝ አለው። ራቤል የራሱ ጣቢያ አለው። ጥበቡ አመሰገነው።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አንዲት እናት አገኙንና እንዲሁ አሉት። ጥበቡ ቆሞ ነበር። ተጨነቀ። መጽሐፉ «ይነሳል» ይላል፤ ቆሞ የነበረ ሰው እንዴት ይነሳል? ዙሪያውን አየና መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሳ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እጅ ነሳ። ሴትየዋ ታሟል ብለው ለእናቴ ነገሯት።

እኔ ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ሁሉም ይዋሻሉ እኮ!» አልኩት።

«ሁሉም አይዋሹም። አንዱ እውነቱን ነው።»

«የትኛው?»

«አላውቅም። ላላምናቸው እችላለሁ። ግን ያን አንዱን ከውሸተኞቹ ጋር ደምሬ ሳላመሰግነው ብቀርስ?» አለ። «ሁሉንም ካመሰገንኩ እሱም ውስጡ አለ።»

ዓመታት አለፉ። ሁሉንም አመሰገነ። በቀበሌያችን «እኔ ነኝ» ሳይሉት የቀሩት አቶ ወልደየስ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ባሕር ዳር ስብሰባ ደርሰው ሲመለሱ ቤታችን ይመጣሉ፤ ስለ ባለ ወፍጮው ይጫወታሉ፤ ጉልበታቸውን እያሹ ይሄዳሉ።

በዚያው ዓርብ ቀበርነው። የቀብሩ ሕዝብ ከፈራሚዎቹ ይበልጥ ነበር። ወንዶቹ ደረታቸውን እየመቱ «የመረጥኩህ እኔ ነበርኩ፣ ጥበቡ!» እያሉ አለቀሱ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። አያ ደምሴም አሉ፤ በጉን ለለቅሶው አምጥተውታል። ያን ቀን ድምፅ ቢቆጠር ኖሮ ወንድሜ ባሕር ዳር ይገባ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ሳያውቀው ሄደ።

ሰው መበተን ሲጀምር አቶ ወልደየስ እጄን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ግራና ቀኝ አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን ጋሼ?»

«አንዷን ድምፅ።»

እጄን ሳይለቁ ቀጠሉ።

«በመንገድ ላይ ደንቡን ነግሮኝ ነበር። እሱ ለኔ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ታዲያ እኔ ለራሴ ልስጥ? ማንም ቢሰማ ግምገማ ላይ አለቀልኝ። የድርጅት ዕጩ ሆኖ ለተቃዋሚው! ከምክር ቤቱ ስወጣ እነግረዋለሁ ብዬ ቆየሁ። የቀረኝ ይህ ክረምት ብቻ ነበር፣ ደረጀ። ይህ ክረምት ብቻ።»

ለቅሶ ቤት ስለሆነ ሰው ብዙ ነገር ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ስሰማ ውዬአለሁ። ሌሎቹ ሁሉ ግን የሚሉት ጮክ ብለው ነበር። ወደ እናቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በጎቹን አወጣሁ። ከዚያ የጥበቡን የሱፍ ቆብ አደረግሁና ጉቶውን በትከሻዬ ተሸከምኩ። ከባድ ነው። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ያዩኛል። አንዷ «ጉቶው ይሸጣል?» አለችኝ። «አይሸጥም» አልኳት።

አቶ ወልደየስ ጋቢያቸውን ደርበው በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ጉቶውን ፊታቸው አወረድኩ። ተቀመጥኩበት። ከዚያ ተነሳሁ። ቆቡን አወለቅሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«በጥበቡ ፈንታ አመሰግናለሁ» አልኩ።

አጎንብሰው ጉቶውን አዩ። «እሱም እኮ ለኔ ሰጥቶኛል» አሉ።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጉልበታቸውን እየያዙ ቀስ ብለው ጉቶው ላይ ተቀመጡ። ሲነሱ አልሆነላቸውም። እንደገና ሞከሩ። እጄን ልዘረጋላቸው ነበር፤ ግን መለስኩት። በመጽሐፉ ተመራጩ ራሱ ነው የሚነሳው። ቆቡን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋቸው።